የአደራ ልጆችን በእርሻ ቤት ስለማሳደግ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ ወገኖች፣ እኔና ባለቤቴ እዚህ ሚኒሶታ ከከተማ ወጣ ያለ አምስት ኤከር መሬት ገዝተን ዶሮ ማርባትና ጎመን መትከል ጀምረናል። ልጆቻችን አድገው ስለወጡ ቤቱ ጭር ብሎብናል፤ ስለዚህ በካውንቲው (በአካባቢው አስተዳደር) በኩል የአደራ ልጆች ተቀብለን ለማሳደግ አስበናል። በዚህ መንገድ ያለፈ ካለ እንዲመክረን በአክብሮት እንጠይቃለን።

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ እኔና ባለቤቴ ከናንተ ብዙም በማይርቅ አካባቢ ላለፉት ስድስት ዓመታት በዚሁ ሥራ ላይ ነን። ዘመዶቻችን ወሬውን ሲሰሙ «ጉዲፈቻ ወሰዱ» አሉ፤ ነገሩ ግን አደራ ነው። የልጆቹ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አሉ፣ ፍርድ ቤቱም አስቀድሞ የሚሞክረው ልጁን ወደ እነሱ መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት አንድ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን ከወላጆቹ ውጭ በአሳዳጊ እጅ ካሳለፈ፣ ሕጉ ከለያቸው ሁኔታዎች በስተቀር፣ ስቴቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ለፍርድ ቤት ማመልከት አለበት። እስከዚያ ድረስ እናትየው እናት ናት፤ እኛ ፀጉር ለማስቆረጥ እንኳ ካውንቲው የልጁን ጉዳይ እንድትከታተል በመደባት ሠራተኛ በኩል እሷን እናስጠይቃለን፣ ልጁንም አናስጠምቅም፣ አናስጾምም።

ልጅ ለመቀበል ፈቃድ የሚጠይቀው ሥልጠና፣ የጣት አሻራና የቤት ጥናት ጊዜ ይወስዳል እንጂ አያስቸግርም። እኛን ያዘገየን የጉድጓድ ውኃው ነበር። ላቦራቶሪው ባክቴሪያና ናይትሬት መርምሮ ባክቴሪያ ስላገኘበት፣ የተሰነጠቀውን የጉድጓድ ክዳን ቀይረን፣ በክሎሪን አጥበን፣ እንደገና እስክናስመረምር ድረስ ፈቃዱ ቆመ። ስለዚህ ማመልከቻውን ከመሙላታችሁ በፊት ውኃችሁን አስመርምሩ፤ የውሻችሁንም የክትባት ወረቀት አዘጋጁ።

ስለ ሥራ ጥብቅ ምክር አለኝ። እኛ ጥጃ ጠብቀን፣ እንጨት ለቅመን ስላደግን ልጅን ማዘዝ ማሳደግ ይመስለናል። ከገዛ ቤቱ ትናንት የተነጠለ ልጅ ግን ባልዲ ስታስይዙት ለሥራ የመጣ ይመስለዋል፤ ለጠበቃውም እንደዚያው ሊናገር ይችላል፣ አይፈረድበትም። የመጀመሪያውን ወር አብሯችሁ ይዙር፣ ይመልከት፤ ራሱ ሲጠይቅ ብቻ እንቁላል ይልቀም። ትራክተር ላይ ማውጣት ፈጽሞ አይታሰብ። ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ደግሞ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ሳልሞኔላ በተባለው ባክቴሪያ ምክንያት ዶሮም ጫጩትም እንዳይነኩ ይመክራል።

የምግቡ ነገር ግን ከሁሉም የከበደን ነው። አንድ ልጅ (ስሙንና ዕድሜውን መግለጽ ስለማይፈቀድልኝ እንዲሁ ልጅ እለዋለሁ) በመጣ በሦስተኛው ቀን ጃኬቱን ላጥብ ስል በሁለቱም ኪሶች ውስጥ ጥሬ እንቁላል ተሰባብሮ ከኪሱ ገበር ጋር ደርቆ አገኘሁ። ለነገ ያስቀመጠው ነበር። በልጅነቴ እንዲህ ያለ ነገር ባደርግ የሚጠብቀኝን አውቃለሁ፤ ሥልጠናው ላይ የሰማሁት ትዝ ብሎኝ ግን ዝም ብዬ አጠብሁት፣ አልጋው አጠገብም ዳቦ፣ ሙዝና የተቀቀለ እንቁላል ያለበት ትንሽ ሰፌድ አስቀመጥሁለት። ማታ ማታ እየተሞላ፣ ጠዋት ባዶውን እየተገኘ ሳምንታት ሄደ። አንድ ጠዋት ሁለት እንቁላል ተርፎ ስናይ ባለቤቴ እንደ ምሥራች ጠራችኝ። በነገራችን ላይ ቀኑ ሲረዝም ዶሮዎቻችን እንቁላሉን የሚያፈሱት ልክ በዐቢይ ጾም ነው፤ እኛ ሽሮ ስንበላ ልጁ ከፊታችን ቁጭ ብሎ ሦስት እንቁላል ይጠብስ ነበር፣ «እናንተ ለምን አትበሉም?» እያለ።

ፍየል ግን ለጊዜው አትግዙ። ልጁ ከወላጆቹ ጋር የሚገናኝበት ቀጠሮ፣ ሐኪሙ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ሁሉም ከተማ ነው፤ የምትታለብ ፍየል ደግሞ ቀጠሮ አታውቅም። እኛ ሁለት ፍየሎች ነበሩን፣ በበረዶ መንገድ ዘግይተን ስንመለስ ጡታቸው ተወጥሮ ሲጮኹ ሰንብተው በመጨረሻ ሸጥናቸው።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። ክፍያው ወጪን ይሸፍናል? ልጁ ሲሄድስ እንዴት ትችሉታላችሁ?

መልስ፦ ክፍያው ለልጁ ወጪ የሚሰጥ ነው፤ በአብዛኛው በፌዴራል ደረጃ እንደ ገቢ አይቆጠርም፣ ታክስም አይከፈልበትም። የሕክምናውን ወጪ ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ይችላል፣ በትምህርት ቤትም ምሳው በነፃ ነው። ለመሬት አበድራለሁ ያለ ባንክ ግን በዚህ ገንዘብ ተማምናችሁ ዕዳ እንድትገቡ ካግባባችሁ አትስሙት፤ ልጁ በሄደ ቀን ክፍያው ይቆማል።

ስለ መሄዱ፣ አልቻልነውም ብል ይቀለኛል። ያ ልጅ ከአሥራ አራት ወር በኋላ ወደ እናቱ ተመለሰ። ወደ እኛ ሲመጣ ልብሱ በጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ ነበር፤ ስለዚህ ባለቤቴ አስቀድማ ሻንጣ ገዛችለት። በሩ ላይ ለእናቱ ደርዘን እንቁላል ሰጠኋት፤ እሱ ካርቶኑን ተቀብሎ እያንዳንዱን ነካክቶ ተሰብሮ እንደሆነ ካረጋገጠ በኋላ ጭኑ ላይ አድርጎ መኪና ውስጥ ገባ። ሰፌዱን ግን አልወሰደውም፤ ለሚቀጥለው ልጅ ይሁን አለ። አሁን ያለችው ትንሽ ልጅ አሻንጉሊቷን ታስተኛበታለች። ፈቃዱን ስትጀምሩ የውኃ ምርመራውን ወረቀት ይዛችሁ እኛ ዘንድ ብቅ በሉ፣ አብረን እናነበዋለን።