በኤሌክትሪክ ሳይክል ስትሄዱ መንገድ ላይ ምን ታያላችሁ? አጋዘን ሲገባባችሁስ ምን ታደርጋላችሁ?

ማለዳ_ፖቶማክ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ የምሠራው ደግሞ ክሪስታል ሲቲ፣ ሆቴል ውስጥ። ባለፈው ነሐሴ ኤሌክትሪክ ሳይክል ገዛሁ። የገዛሁት ለፓርኪንግ መክፈል ስላንገሸገሸኝ ነው፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል። በየቀኑ የምሄድበት የማውንት ቨርነን መንገድ ከሩዝቬልት ደሴት እስከ ማውንት ቨርነን 18 ማይል ያህል ነው፣ ወንዙን ይዞ ነው የሚሄደው። የእኔ ድርሻ ወደ 7 ማይል ይሆናል። በዊልሰን ድልድይ ሥር አልፋለሁ፣ ኦልድ ታውንን አቋርጣለሁ፣ ከዚያ ኤርፖርቱ ጋ ስደርስ በአንድ በኩል አውሮፕላን፣ በሌላው በኩል ዳክዬ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚሁ ወንዝ ዳር በመኪና ተመላልሻለሁ። ወንዙን ግን አላየሁትም ነበር ብል ይቀለኛል።

ባለፈው ሳምንት ኦስፕሬዎቹ ተመለሱ። ለማታውቁት፣ ዓሣ ብቻ እያደነ የሚኖር ትልቅ አሞራ ነው፤ የዚህን አገር የብርድ ወራት ደቡብ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ያሳልፍና በመጋቢት ይመጣል። አንዱ ከአናቴ በላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። በሁለት እግሩ ዓሣ ይዟል፣ የዓሣው ጭንቅላት ወደፊት ዞሯል፣ ጭራው ገና ይንቀሳቀሳል። አንድ ጠብታ ውሃ የሳይክሌ ስክሪን ላይ ጠብ አለች። ቆሜ ቀረሁ። ሥራ አምስት ደቂቃ አረፈድኩ፣ አልቆጨኝም።

ግን አንድ ነገር አስፈርቶኛል። ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ ቤል ሄቨን አጠገብ አጋዘን ከቁጥቋጦ ዘሎ ፊቴ ገባ። ፍሬኑን ስይዘው የኋላው ጎማ ተንሸራተተና ሣሩ ላይ ወደቅሁ። ክርኔ ተላጠ እንጂ ደህና ነኝ። ሳይክሉ ድምፅ ስለሌለው ነው መሰለኝ አልሰማኝም።

ጥያቄዬ ይኸው። እናንተ በምትሄዱበት መንገድ ምን ታያላችሁ? እንስሳ ሲገባባችሁስ እንዴት ነው የምታልፉት? በየቀኑ እዚያው እየተመላለስኩ ወፎቹን እየረበሽኩ እንዳይሆንም እፈራለሁ።

የድሮ_ብስክሌተኛ

እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። እኔም እዚያው መንገድ ላይ ነኝ፣ አራት ዓመት ሆኖኛል። ዕድሜዬ 63 ነው፤ ጉልበቴ ያለ ሞተር አይችለውም።

የአጋዘኑ ነገር ብዙ ሰው የሚያጋጥመው ነው። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው የሚንቀሳቀሱት፣ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ወንዱ ሴቷን ሲያባርር ምንም ነገር አያይም። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ አንድ አጋዘን ካለፈ በኋላ «አለፈ» ብለሽ እንዳትነጂ። ከኋላው ሁለተኛ፣ ሦስተኛ አለ። እኔ የመጀመሪያውን አሳልፌ ሁለተኛው ጋ ልላተም ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ፍሬን ላይ ደግሞ ልብ በይ። የእኛ ሳይክል ከባድ ነው፣ የኔ 27 ኪሎ ይመዝናል። ፍጥነትሽ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከያዝሽ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልግሽ ርቀት አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ፍሬን እኩል፣ ቀስ አድርገሽ ያዢ፤ የኋላውን ብቻ አጥብቀሽ ከያዝሽው ነው የሚንሸራተተው። ቁጥቋጦ ባለበትና መንገዱ በሚታጠፍበት ሞተሩን ወደ አንደኛው ደረጃ አውርጂ። ደወሉን ፊታቸው ደርሰሽ ሳይሆን ከሩቁ ምቺ። በቅርብ ከመታሽው ደንብረው የሚሮጡት ወደ አንቺ ይሆናል።

የእንጨት ድልድዮቹንም አትርሺ። ጤዛ ወይም ውርጭ ካለ እንደ ሳሙና ናቸው። እዚያ ላይ መሪ አይጠመዘዝም፣ ፍሬንም አይያዝም፣ ቀጥ ብሎ ማለፍ ብቻ ነው።

ዝዮቹ በሚያዝያ መጨረሻ ይፈለፍላሉ። ጫጩቶቹን ይዘው መንገዱ መሀል ሲቀመጡ ወንዱ አንገቱን ዘርግቶ «ሽሽሽ» ይልሻል። አትከራከሪው፣ ውረጂና ሳይክልሽን እየገፋሽ እለፊ።

ረበሽኳቸው ወይ ላልሽው፣ ከመንገዱ እስካልወጣሽ ድረስ ለምደውናል። እረፍት ስትሆኚ ዳይክ ማርሽ የሚባለው ረግረግ ሂጂ። ሳይክልሽን እሰሪና በእግርሽ ግቢ። ራሰ ነጩ ንስር ጎጆ አለው እዚያ። ልጅ ሆኜ ሳይሆን እዚህ አገር ስመጣ እንኳ ይህን ወፍ ማየት ብርቅ ነበር። ዲዲቲ የሚባለው መርዝ የእንቁላላቸውን ቅርፊት እያሳሳ ሊጨርሳቸው ነበር፤ በ1972 ተከለከለ፣ በ2007 ደግሞ ንስሩ ሊጠፉ ከተቃረቡት ዝርዝር ወጣ። አሁን ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብዬ ነው የማየው።

የጣና_ዳር_ልጅ

ከባሕር ዳር ነኝ። እህቴ፣ ያ ዓሣ በእግሩ ይዞ ያለፈሽ ወፍ እኛም ጋ አለ! ከአውሮፓ የሚመጡት ክረምታቸውን አፍሪካ ነው የሚያሳልፉት፣ እዚህ ጣና ላይ ከኅዳር ጀምሮ አየዋለሁ። ጋሼ ያሉት ራሰ ነጭ ንስር ደግሞ ዘመዱ እኛ ጋ ነው፤ የእኛው ዓሣ አዳኝ ንስር። ጭንቅላቱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቀይ ቡና የመሰለ። አናቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮኽ ሐይቁ ማዶ ይሰማል።

ባሕር ዳር ድሮም የሳይክል ከተማ ናት፣ ሜዳ ስለሆነች። እኔ አስተማሪ ነኝ። ባለባትሪ ሳይክል ከያዝኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ባትሪው 36 ቮልት 10 አምፔር ሰዓት ነው፣ ማለትም 360 ዋት ሰዓት፤ ፔዳሉን እያገዝኩት ሁለት ቀን ይወስደኛል። መብራት ስለሚቆራረጥ ባገኘሁ ቁጥር ቻርጅ አደርጋለሁ። ባትሪው ካለቀ ግን ከባድ ነው፣ እግር ይፈትናል።

ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ሐይቁን ይዤ አባይ ከጣና ወደሚወጣበት እሄዳለሁ። ታንኳዎቹ ከደንገል የተሠሩ ናቸው፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረብ ሲያወጡ ፔሊካኖቹ እንደ ቤተኛ ዙሪያቸውን ይከባሉ። እምቦጩ ባይኖር ደግሞ እንዴት ያምር ነበር፤ እሱን ሳይ ሆዴ ይባባል።

ጉማሬ አለን። ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ ሊነጋ ሲል ይመለሳል። አንድ ጠዋት መንገዱ ዳር ጭቃው ላይ ዱካውን አየሁ። አራት ጣት፣ የትልቅ ሳህን ስፋት ያለው፣ ውስጡ ገና ውሃ እየሞላ። ከጎኑ ቁጥቋጦው ላይ ፋንድያው ተረጭቷል፣ በጭራው እየመታ ነው የሚበትነው። ማለት ደቂቃም አልሆነው። ሳይክሌን አዙሬ በመጣሁበት ተመለስኩ። እዚህ ያሉ አባቶች የሚመክሩት አንድ ነገር ነው፦ በጉማሬና በውሃው መካከል አትቁም። በውሃው በኩል መንገዱን ከዘጋህበት አይምርህም፣ ሩጫውም ከሳይክል አያንስም። ስለዚህ እኔ የምሽቱን ትቼዋለሁ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ብቻ ነው የምሄደው።

ከጊልቦዓ_ሥር

ሰላም፣ እኔ ከአፉላ ነኝ፣ እስራኤል። እዚህ ኤሌክትሪክ ሳይክል ልጅ አዋቂው ይዞታል፤ ሕጉ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር፣ 250 ዋት፣ ዕድሜ 16ና ከዚያ በላይ ይላል፣ ሄልሜትም ግዴታ ነው።

ከሥራ መልስ በእርሻዎቹ መካከል ወደ ጊልቦዓ ተራራ አቅጣጫ እነዳለሁ። አሁን በመጋቢት ሽመላዎቹ ናቸው የሚያልፉት። በሺዎች። ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ በሞቃት አየር እየተሽከረከሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ወደ ሰሜን ይንሸራተታሉ። ከአፍሪካ ነው የሚመጡት፣ ብዙዎቹ በሱዳንና በኢትዮጵያ ሰማይ አድርገው። እናቴ ቋራ ልጅ ሳለች እርሻ ላይ አንበጣ ሲለቅሙ ታያቸው እንደነበር ነግራኛለች። ትራክተር ሲያርስ ከኋላው ሲከተሉ ሳይ እሷን ደውዬ በቪዲዮ አሳየኋት። «እነሱ ናቸው» አለችኝ፣ ሌላ ምንም አልተናገረችም፣ ዝም ብላ ታያለች።

ሲመሽ ቀበሮዎቹ ይጮኻሉ፣ ልክ ሕፃን እንደሚያለቅስ። እስካሁን አልነኩኝም። እኔ የምፈራው ውሻን ነው። ጥበቃ የሌለበት ውሻ ሞተር ያለው ነገር ሲያይ ያባርራል፤ ሲያባርረኝ አልሮጥም፣ እወርድና ሳይክሉን በእኔና በእሱ መካከል አቆማለሁ። እስካሁን ሠርቶልኛል።

ሐዋሳ_አባኮዳ

አጭር ልጨምር። ሐዋሳ አሞራ ገደል ጋ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መንገዱ ላይ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብለው ነው የሚሻገሩት፣ ደወል አያስፈራቸውም፣ ቆመሽ መጠበቅ ነው። ሌላው፣ ቅርጫት ላይ ምግብ አታስቀምጡ። ጦጣ ሙዝ ወስዶብኝ ከነፌስታሉ ዛፍ ላይ ወጣ። ፌስታሉን የጦጣው ልጅ ሲያኝከው ነበር፣ እሱ ነው ያሳዘነኝ።

ማለዳ_ፖቶማክ

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ያሉኝን ሞከርኩ። ቤል ሄቨን ጋ ስደርስ ወደ አንደኛው ደረጃ አወረድኩት፣ ደወሉንም ከሩቅ ሁለቴ መታሁ። ሁለት አጋዘኖች ጆሯቸውን አቁመው አዩኝ፣ ከዚያ ነጭ ጭራቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ጫካው ገቡ። ሦስተኛው እስኪመጣ ቆሜ ጠበቅሁ። መጣ። ትንሽዬ ነው፣ የባለፈው ዓመት ይመስለኛል።

የጣና ዳር ልጅ፣ ኦስፕሬውን እዚያ ስታየው ፎቶ አንሳልኝ እባክህ። የአፉላዋ እህቴ፣ እናትሽን ሳሚልኝ። እኔም ዛሬ ማታ ለእናቴ እደውላለሁ፣ እስቴ ነው ያለችው፣ በልጅነቷ ምን ምን ወፍ ታይ እንደነበር አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

የክረምቱን የባትሪ ነገር የሚያውቅ ካለ ደግሞ ጻፉልኝ። በአንድ ቻርጅ 30 ማይል ይሄድ የነበረው በጥር ወደ 20 ወርዶብኛል።

የድሮ_ብስክሌተኛ

ብርዱ ነው እህቴ፣ ባትሪው አልተበላሸም። ማታ ማታ አውጥተሽ ቤት አስገቢው፣ ከውጭ እንደገባ ቀዝቃዛውን ቻርጅ ላይ አትሰኪው፣ መጀመሪያ የክፍሉን ሙቀት ይያዝ። ከዜሮ በታች ሆኖ ቻርጅ ማድረግ ነው የሚጎዳው። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ዳይክ ማርሽ መግቢያው ጋ ነኝ፣ የምትመጪ ከሆነ የሩቅ ማያ መነጽሬን ላውስሽ፣ ንስሮቹ አሁን ጫጩት እየመገቡ ነው።