ጥቆማ፦ ለዳሌ ቅየራ የትኛው ኢምፕላንት ይሻላል?

የእማዬ ልጅ፦ ሰላም ናችሁ? እናቴ ዳሌዋን ልታስቀይር ነው። ሐኪሙ ሁለት ምርጫ ሰጥቶናል፤ ሴራሚክ በፕላስቲክ (ኳሱ ሴራሚክ፣ ማቀፊያው ፕላስቲክ) ወይም ሴራሚክ በሴራሚክ። የምታውቁ ጠቁሙኝ። ፈቃድ ያለው መሆኑንስ በምን ልወቅ?

መንገደኛው፦ ብረት በብረት እንዳታስገቢ! አባቴ ካስገባ ከአራት ዓመት በኋላ ማነከስ ጀመረ። ደሙ ሲመረመር ከብረቱ የሚወጣው ኮባልት ጣሪያ ነክቷል። እንደገና ተቀደደ። «ፈቃድ አለው» ነበር ያሉን።

የእማዬ ልጅ፦ እግዜር ይማርልህ። ግን ብረት በብረት አላልኩም እኮ።

ሰብለ2፦ ያ በ2010 እ.ኤ.አ. ከገበያ የተሰበሰበው ኤኤስአር የሚባለው ብረት በብረት ዳሌ ነበር?

መንገደኛው፦ ስሙን አልጠራም። ኤኤስአር ግን 93 ሺህ ገደማ ሰው ላይ ከገባ በኋላ ነው «ተሰበሰበ» የተባለው። ከሰው ዳሌ ውስጥ ምኑ ይሰበሰባል?

ደስታ ነኝ፦ እኔ ቲታኒየም ጥርስ አስተክያለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ፣ አሪፍ ነው።

ዝምተኛው፦ እናትየው በጥርሳቸው አይሄዱም።

የኛ ሰው፦ ስለ ዕቃው አትጨነቂ፣ የኛን ዶክተር ያዢ። የእህቴን ጉልበት የሠራላት እሱ ነው። እጁ ወርቅ ነው!

ዝምተኛው፦ ወርቅ እጅ የተበላሸ ዕቃ ቢያስገባስ?

የኛ ሰው፦ ምቀኛ።

ሰብለ2፦ እህቴ፣ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዕቃ የሚያልፈው «ገበያ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል» ተብሎ ነው። 510(ኬ) ይሉታል፤ ሰው ላይ ሳይሞከርም ሊያልፍ ይችላል። ኤኤስአርም ለሙሉ ዳሌ ቅየራ ያለፈው በዚሁ በር ነው። ፒአይፒ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የጡት ኢምፕላንትም ሲኢ የሚባለው የአውሮፓ የገበያ ፈቃድ ምልክት ነበረው፤ ውስጡ ግን የኢንዱስትሪ ሲሊኮን ሆኖ ተገኘ። የሚሻለው የትኛው ዕቃ ስንት ሰው ላይ ገብቶ ስንቱ ዳግም እንደተቀየረ የሚይዝ የአገር መዝገብ ነው። ስዊድን የዳሌ ቅየራን ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምራ ትመዘግባለች። ኤኤስአር ቶሎ ቶሎ እንደሚቀየር ቀድሞ ያሳየውም የአውስትራሊያ መዝገብ ነው። ሐኪሙን የሞዴሉን ስም ጠይቂው፤ በአሥር ዓመት ከመቶው ስንቱ ዳግም እንደተቀየረም ይንገርሽ። ሴራሚክ በሴራሚክ አንዳንዱ ሰው ላይ ሲጢጥ ይላል። አዲሱ ፕላስቲክ ደግሞ እንደ ድሮው ቶሎ አያልቅም። የሳጥኑን ስቲከር እንዳትረሺ፣ የምርት ቁጥሩ እሱ ላይ ነው። ነገ ዕቃው ችግር አለበት ቢባል የእናትሽ መሆኑን የምታውቂው በሱ ነው።

ደስታ ነኝ፦ የጥርሴ ካርድ ጠፍቶብኛል፣ ችግር አለው?

የእማዬ ልጅ፦ ተባረኪ ሰብልዬ! ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ይጮሃል እንዴ?

መንገደኛው፦ የአባቴ ይጮሃል። የመጀመሪያውም ይጮህ ነበር።

ሰብለ2፦ የእማዬ ልጅ፣ በመጨረሻ የቱን መረጣችሁ?

ደስታ ነኝ፦ እኔ? ቲታኒየም።