የግሪክ ነገሥታት ለምን ተባብረው ሮምን አላስቆሙም?

ዘፒያሳ፦
ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር ሊገባኝ አልቻለም። ታላቁ እስክንድር በ323 ቅ.ል.ክ. ከሞተ በኋላ ጄነራሎቹ ለዓመታት ሲዋጉ ቆይተው መቄዶንያ ለአንዱ፣ ሶርያና ምሥራቁ ለአንዱ፣ ግብጽ ለአንዱ ሆነ፣ በኋላ ደሞ የትንሿ እስያዋ ጴርጋሞን ተጨመረች። ወርቁም ዝሆኑም መርከቡም ነበራቸው። ታዲያ ሮም ከካርቴጁ ጄነራል ከሀኒባል ጋር 17 ዓመት ስትተናነቅ ቆይታ ገና ከዛ ጦርነት በወጣች ማግስት እንዴት ነው በየተራ የጨረሰቻቸው? ቪዲዮዎቹ ላይ ሁሌ የምሰማው የመቄዶንያ ፋላንክስ (ረጅም ጦር ይዞ ተጠጋግቶ የሚሰለፈው እግረኛ) ለሮም ሌጂዮን (የሮም ክፍለ ጦር) አልቻለም የሚል ነው፣ ግን አንድ ውጊያ መሸነፍና አገር ጨርሶ መጥፋት ለኔ አንድ አይደለም። ቢተባበሩስ ኖሮ? የምታውቁ አስረዱኝ በናታችሁ።

አንባቢው፦
ቢተባበሩ የምትለው ነገር የማይሆን ነበር ወንድሜ፣ ምክንያቱም ለመቶ ዓመት ዋና ጠላታቸው ሮም ሳትሆን እርስ በርሳቸው ናቸው። ግብጽ ላይ ሕፃኑ ቶለሚ 5ኛ ሲነግሥ የመቄዶንያው ፊልጶስ 5ኛና የሶርያው አንጥዮኮስ 3ኛ ግዛቱን ለመቀራመት ተነሱ፣ በዚህ የደነገጡት ጴርጋሞንና የሮድስ ደሴት ደሞ በ201 (ዓመቶቹ ሁሉ ቅ.ል.ክ. ናቸው) መልእክተኛ ልከው ሮምን ድረሽልን አሏት። ሁለት ወንድማማች በርስት ድንበር ተጣልተው ጉልበተኛ ጎረቤት ለዳኝነት ሲጠሩ በለው። ከዛ በኋላ ያሉትን ጦርነቶች አንድ በአንድ እይ፣ ሮም ብቻዋን የተዋጋችበት የለም። በ197 ኪኖስኬፋሌ ላይ ፊልጶስ ሲሸነፍ ከሮም ጎን የኤቶልያ ግሪኮች ፈረሰኞች ነበሩ። አንጥዮኮስን ለመውጋት ወደ እስያ የሄደውን የሮም ጦር በአገሩ አሳልፎ ስንቅ ያቀረበለት ከ7 ዓመት በፊት የተሸነፈው ያው ፊልጶስ ነው፣ እዛው እስያ ማግኔዥያ ላይ አንጥዮኮስ በተሸነፈበት ውጊያ ደሞ የአንጥዮኮስን ግራ ክንፍ የሰበረው የጴርጋሞኑ ንጉሥ ኢዩሜነስ ነው። ይሄው ኢዩሜነስ በ172 ራሱ ሮም ድረስ ሄዶ የፊልጶስን ልጅ ፐርሴየስን ለሴኔቱ (ለሮም ሽማግሌዎች ምክር ቤት) ከሰሰ፣ በ168 ፒድና ላይ መቄዶንያ አለቀላት፣ በአራት ተቆራርጣ ንጉሥ የሌላት አገር ሆነች።

ሁሌ የሚያሳዝነኝ የ196ቱ ነገር ነው። የሮሙ ጄነራል ፍላሚኒነስ ቆሮንቶስ አጠገብ በሚደረገው የኢስትሚያ ጨዋታ ላይ ግሪኮች ነፃ ናችሁ ብሎ ሲያሳውጅ ሕዝቡ በደስታ የጮኸው ጩኸት የሚበሩ ቁራዎችን መሬት ጣለ ተብሎ ተጽፏል። ልክ በ50 ዓመቱ፣ በ146፣ ያቺው ቆሮንቶስ በሮም ጦር ተቃጠለች፣ ወንዶቹ ተገደሉ፣ ሴቶቹና ልጆቹ ለባርነት ተሸጡ። ስታዲየም ውስጥ በልጅነቱ ያጨበጨበ ሰው ሽማግሌ ሆኖ ይሄን አይቷል ማለት ነው።

ማዕዶት፦
ከአንባቢው ጋር እስማማለሁ ግን የጦሩን ነገር ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ ሰይፍና ጦር ሳይሆን የሰው ቁጥር ማለቴ ነው። ሮም በ216 ካኔ ላይ በሀኒባል ተሸንፋ በአንድ ቀን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወታደር አጥታ እንደገና ጦር አቁማለች። የግሪክ ታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢየስ በ225 አካባቢ ሮምና አጋሮቿ ለጦር ሊያሰልፉ የሚችሉትን ሰው ከ700,000 በላይ እግረኛ ብሎ ነው የጻፈው። ፊልጶስ ግን ለኪኖስኬፋሌው ዘመቻ የ16 ዓመት ልጆች ሁሉ መመልመል ነበረበት፣ እዛው ሜዳ ላይ 8,000 ሰው ሞተበት፣ 5,000 ተማረከበት፣ በቃ ሌላ ጦር የለውም። የነሱ ንጉሥ አንድ ትልቅ ውጊያ ከተሸነፈ ለድርድር ነው የሚቀመጠው፣ ሮም ደሞ ተሸንፋ አትደራደርም።

ዘፒያሳ፦
እሺ መቄዶንያ ገባኝ። ሶርያስ? እሷ እኮ ከማግኔዥያ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታለች። ትንቢተ ዳንኤል 11 ላይ የኪቲም መርከቦች መጥተውበት አዝኖ የሚመለሰው ንጉሥ አንጥዮኮስ ኤጲፋንስ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

አንባቢው፦
በደንብ ይገናኛል። ሶርያን የገደላት ውጊያው ሳይሆን በ188 አፓሚያ ላይ የተፈረመው ውል ነው። 15,000 ታላንት (የብር ክብደት መለኪያ ነው) ካሣ፣ ከታውረስ ተራራ ወዲያ ያለውን አገር መልቀቅ፣ ዝሆኖቹን ማስረከብ፣ ከ10 በላይ የጦር መርከብ አለመያዝ፣ ላዩ ላይ ደሞ የንጉሡ ልጅ ሮም ውስጥ መያዣ ሆኖ መቀመጥ። አንጥዮኮስ 3ኛ በዓመቱ ኤሊማይስ ውስጥ የቤተ መቅደስ ሀብት ለመዝረፍ ሲሞክር ተገደለ፣ ካዝናው ምን ያህል ባዶ እንደነበር ከዚህ ይገባሃል። መያዣ የነበረው ልጅ ነው እንግዲህ በኋላ የነገሠው ኤጲፋንስ። በ168 ግብጽን ድል አድርጎ እስክንድርያ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የሮሙ መልእክተኛ ፖፒሊየስ መጣና የሴኔቱን ደብዳቤ ሰጠው፣ ከአማካሪዎቼ ጋር ልምከር ሲል ሰውየው በያዘው ዱላ አሸዋው ላይ ዙሪያውን ክብ አሰመረና ከዚህ ሳትወጣ መልስ ስጠኝ አለው። ጦር አልያዘም እኮ! ንጉሡ ጦሩን ይዞ ተመለሰ፣ የኪቲም መርከቦች የሚለውን የሮም ናቸው ብለው ዳንኤል 11ን ከዚህ ጋር የሚያያይዙት ለዚህ ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ደሞ በ162 የሮም መልእክተኞች ውሉን ጥሳችኋል ብለው መርከቦቹን አቃጠሉ የዝሆኖቹን ቋንጃ ቆረጡ። ከዛ ወዲያ ያለው ዘመን የወንድማማች ጦርነት ነው፣ በ64 ፖምፔይ መጥቶ የጠቀለለው ስሙ ብቻ የቀረውን ነገር ነው።

ማዕዶት፦
ዝሆን ካነሳህ አይቀር ይሄ እኛንም ይነካል። ቶለሚዎች የሕንድ ዝሆን መንገዱ በሶርያ ስለተዘጋባቸው በቀይ ባሕር ወርደው በኛ አካባቢ ያስድኑ ነበር። በዐፄ ካሌብ ዘመን አዱሊስ የመጣው ነጋዴ ኮስማስ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ቶለሚ 3ኛ በኢትዮጵያ ዝሆኖች መዝመቱን ይናገራል። ግብጽ እስከ 30 ድረስ የቆየችውም በጉልበቷ አይደለም፣ የክሊዮፓትራ አባት ቶለሚ 12ኛ ዙፋኑን ያቆየው ከሮም ባለገንዘቦች ተበድሮ ለሮም ሹማምንት ጉቦ እየከፈለ ነው፣ ዕዳውን የከፈለው ገበሬው ነው።

ዘፒያሳ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ሮምን ሳይጣላ በወዳጅነት የኖረውስ ምን ተጠቀመ?

አንባቢው፦
ሮድስን እይ። ስንት ዓመት ከሮም ጎን ተዋግታ በፐርሴየስ ጦርነት ላስታርቃችሁ ስላለች ብቻ ተቀየሙባት። ሮም ዴሎስን ከቀረጥ ነፃ ወደብ አደረገቻት፣ ነጋዴው ወደዛ ዞረ፣ የሮድስ መልእክተኞች ራሳቸው ሴኔቱ ፊት እንደተናገሩት የወደባቸው ገቢ ከ1,000,000 ድራክማ ወደ 150,000 ወረደ። አንድ ወታደር እንኳ አልላኩባትም። ጴርጋሞንማ የመጨረሻው ንጉሥዋ አታለስ 3ኛ በ133 ሲሞት አገሩን በኑዛዜ ለሮም አወረሰ፣ ሕዝቡ ዙፋኑ የኔ ነው ካለው ከአሪስቶኒከስ ጋር ተነሥቶ ለዓመታት ተዋጋ እንጂ ዝም ብሎ አልተቀበለም።