ሞክሼ ለበዛበት ስም ሰሌዳው ላይ ምን ይጻፍ? (ክርክር)

አወያይ፦
የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው። በባሕር ዳርም ሆነ በጣና ዙሪያ ባሉ ከተሞች መንገድ፣ አዳራሽ ወይም ቤተ መጻሕፍት በታዋቂ ሰው ስም ሲሰየም አጭሩ ስም ይበቃል ወይስ ማዕረግ፣ የአባት ስምና ዘመን ተጨምሮ ይጻፍ? ስማችን የራስና የአባት ስም ብቻ ስለሆነ ሞክሼው ብዙ ነው። ስድብ የሚጽፍ ይወጣል፤ ማስረጃ ያለው ይግባ።

ሰሌዳ ሠሪው፦
አጭር ይሁን። ምክንያቴ የቦታ ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ወርዱ ከቁመቱ ብዙም አያንስም። ቁመቱ 8 ሴንቲ የሆነ ፊደል ከነክፍተቱ 9 ሴንቲ ይይዛል። «አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ» 12 ፊደል ነው፤ 108 ሴንቲ መጣ። የቃላት ክፍተትና የግራ ቀኝ ኅዳግ ሲጨመር 130 ሊደርስ ነው። 90 ሴንቲ ላሜራ ላይ በግድ ይግባ ከተባለ ፊደሉ ወደ 5 ሴንቲ ይወርዳል፤ ያኔ ባጃጅ ላይ ያለ ሰው ቀርቶ ማዶ አስፋልት ዳር የቆመም አያነበውም። ከሥሩ ደግሞ የላቲኑ መስመር አለ። «ልዑል ራስ» እና «ዐፄ» ከተጨመረበትማ ተዉት።

አስጎብኚ፣ የዳጋ መስመር፦
ወንድም፣ ቦታ አነሰ ተብሎ ሰው አይለወጥም። «ዘርዓ ያዕቆብ ጎዳና» ብለህ ተከልክ እንበል። የትኛው? ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ናቸው፤ አጽማቸው እዚሁ ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው ያለው። በ17ኛው መቶ ዘመን የነበረው ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ደግሞ አክሱም አካባቢ ተወልዶ፣ በኋላ ኑሮውን እንፍራዝ አድርጓል፤ ከሐይቁ ምሥራቅ ማለት ነው። ሁለቱም የኛው አካባቢ ስለሆኑ «ሰፈሩ ይለየዋል» የሚለው አይሠራም። ደግሞ ተራ ሞክሼ አይደሉም። ንጉሡ በሃይማኖት ጉዳይ ጥብቅ፣ ደቂቀ እስጢፋ የተባሉትን መነኮሳት ያሳደዱ ናቸው። ፈላስፋው ሃይማኖቶች የደነገጉትን ሁሉ በልቡና ልመርምር ያለ ሰው ነው። አንዱን ለማክበር የተተከለ ሰሌዳ ለተቃራኒው ይቆማል።

ጥያቄ አለኝ፦
የፈላስፋው መኖር ራሱ አከራካሪ አይደለም እንዴ?

አስጎብኚ፣ የዳጋ መስመር፦
ነው። «ሐተታ» የሚባለውን የፈላስፋውን ጽሑፍ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ለፈረንሳዊው አሳሽ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ነው። ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 «ደራሲው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው» አለ፤ የፍልስፍና ምሁሩ ክሎድ ሰምነር ደግሞ ለፈላስፋው ተከላከለለት። እንግዲህ መኖሩ የሚያከራክር ሰው ስም አጽሙ ካለ ንጉሥ ጋር አንድ ሲሆን፣ ሰሌዳው ዝም ማለት የለበትም።

የኔታ ዘደብር፦
ልጆቼ፣ ቀላሉ መንገድ እኮ አለ፤ ቀዳማዊ፣ ዳግማዊ፣ ሣልሳዊ ማለት። ነገሥታቱን አባቶች የለዩት በዚህ ነው። «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ሲባል ዓመት ሳይሞላቸው ያለፉትን የ15ኛው መቶ ዘመኑን ቴዎድሮስ የሚያስብ የለም። 9 ፊደል ነው፤ ሰሌዳ ሠሪውም አይቸገር።

መዝገብ ቤት፦
የኔታ፣ ለቴዎድሮስ ልክ ነዎት። ለዳዊት ግን ይከብዳል። ዳጋ ያሉት ዳዊት ከ1374 ዓ.ም. ጀምሮ የነገሡት ቀዳማዊው ናቸው። ጎንደር ላይ የነገሡት ደግሞ ሣልሳዊ ይባላሉ። መካከል ላይ ያሉት ዳግማዊ ዳዊት ማን ናቸው ተብሎ መንገድ ላይ ቢጠየቅ ከአሥር ሰው ዘጠኙ አይመልስም፤ ምክንያቱም ሁሉም የሚያውቃቸው «ልብነ ድንግል» በሚለው ነው። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሰውየው ጠፋ ማለት ነው። በስመ መንግሥት እንለይ እንዳይባል እሱም ሞክሼ አለው፤ ሠርፀ ድንግል፣ ልጃቸው ያዕቆብና ጎርጎራ ላይ የገነቡት ሱስንዮስ ሦስቱም «መልአክ ሰገድ» ተብለዋል።

ደግሞ ቁጥር የሚሠራው ለነገሥታት ብቻ ነው። ራስና ደጃዝማች ቁጥር የለውም።

የኔታ ዘደብር፦
የልብነ ድንግሉን ተቀብያለሁ። እዚያ ላይ ዝነኛው ስም ይግባ።

የደብረ ታቦር ሰው፦
ለራሶችማ የአባት ስም ግዴታ ነው። እኛ ጋ «ራስ ጉግሣ» ስትል ሁለት ሰው መጣ፤ ሁለቱም ደብረ ታቦር የተቀመጡ። ራስ ጉግሣ መርሳ ከየጁ መሳፍንት፣ ከተማዋን የቆረቆሩት ናቸው። ራስ ጉግሣ ወሌ ደግሞ የንግሥት ዘውዲቱ ባል የነበሩት፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ የወደቁት። ማዕረጉ አንድ፣ ከተማው አንድ፣ በመካከላቸው መቶ ዓመት። ትግራይ ካሉት ጉግሣ አርአያ ጋር ሦስት ይሆናሉ።

ጎጃሜው፦
ከሁሉም የሚብሰው የኛው «ራስ ኃይሉ» ነው። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት እስከ 1924 ዓ.ም. ጎጃምን የገዙት፣ በልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጉዳይ የተሻሩት፣ ኋላ ከጣሊያን ጋር ያደሩት ናቸው። ራስ ኃይሉ በለው ደግሞ ያንኑ ጣሊያን በጎጃም በረሃ የተዋጉ አርበኛ። አንድ ስም፣ አንድ ማዕረግ፣ አንድ ቤት። አርበኛውን ለማክበር «ራስ ኃይሉ አዳራሽ» ብለህ ብትሰቅል ግማሹ ሕዝብ ለባንዳ አዳራሽ ሠራችሁ ብሎ ይነሣብሃል፤ አይፈረድበትምም። እዚህ ላይ «በለው» የምትለዋ 3 ፊደል ናት። ሰሌዳ ሠሪ፣ 27 ሴንቲ ይከብድሃል?

ሰሌዳ ሠሪው፦
3 ፊደልማ ይገባል። እኔ የምለው ሕዝቡ መልሶ ያሳጥረዋል ነው። የአየር ማረፊያው ሙሉ ስም ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነው፤ ረዳት ሲጣራ ግን «ኤርፖርት! ኤርፖርት!» ነው የሚለው።

ጎጃሜው፦
የረዳቱ ጥሪ ሌላ፣ የሰሌዳው ጽሑፍ ሌላ። ረዳት ሲያሳጥር ተሳፋሪው ቦታውን ስለሚያውቅ ነው። ሰሌዳ የሚያነበው የማያውቀው ሰው ነው።

መዝገብ ቤት፦
ስለዚህ «ለሁሉም የአባት ስም» ብለን እንዳንደነግግ አንድ ስም ላሳያችሁ። «ካሣ ኃይሉ»።

ቋራ ተወልደው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሞቱት ካሣ ኃይሉ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የሰሜን ጦር አዛዥ የነበሩት ልዑል ራስ ካሣም ካሣ ኃይሉ ናቸው። የአባት ስም አልለየም። አያት እንጨምር? የመጀመሪያው ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ የሁለተኛው ኃይሉ ወልደ ኪሮስ። በሙሉ ከተጻፈ ይለያል፤ ግን የመዝገብ ሠራተኛ «ካሣ ኃይሉ ወ.» ብሎ ሲያሳጥር ሁለቱ ሰዎች አንድ ፋይል ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ላይ ልዑል ራስ ካሣን ብዙ ሰው የሚጠራቸው «ካሣ ኃይሉ ዳርጌ» ብሎ ነው፤ ራስ ዳርጌ የእናታቸው አባት ናቸው። ሦስተኛውን ስም ሁሉ የአባት አባት አድርጎ የሚሞላ ቅጽ የዘር ሐረጉን ያበላሸዋል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም ከመንገሣቸው በፊት ካሣ ነበሩ፤ ካሣ ምርጫ።

እኔ የምለው አሠራር ይህ ነው። ስም ሲታጭ መጀመሪያ ሞክሼ ይፈለግ፤ ሰሌዳው ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ሞክሼዎቹን ከላይ ወደ ታች ጻፍ፣ ጎን ለጎን ማዕረግ፣ አባት፣ የአባት አባት፣ ቦታ፣ የሞቱበት ዓመት። የሚለያዩበትን ዓምድ ፈልግ። ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ያ ብቻ ነው፤ ሌላው ፋይል ውስጥ ይቀራል። ለኃይሉ የአባት ስም ለየ፣ ለካሣ ማዕረጉ ለየ። ልዑል ራስ የተባለው አንዱ ብቻ ነው።

ፍለጋው ላይ የሚያሳስተው ፊደል ነው። «ኃይሉ» በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ ይጻፋል፤ «ካሣ» በሣም በሳም። 6 ጊዜ 2፣ 12 ዓይነት አጻጻፍ። ኮምፒውተር ላይ አንዱን ብቻ ጽፎ «ሞክሼ የለም» ብሎ የፈረመ ኮሚቴ አልፈለገም ማለት ነው። መፍትሔው በመረጃ ቋቱ ውስጥ ከዋናው ስም ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ዓምድ ማበጀት ነው፤ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀና ኃ ወደ ሀ፣ የሠ ዘር ወደ ሰ፣ የዐ ወደ አ፣ የፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ፣ በቃላት መካከል ያለውም ክፍተት ይጠፋል። የሚታየው ስም ግን አይነካ። ሁለቱን ዓምድ አንድ ያደረገ ሰው የባለቤቱን አጻጻፍ ለዘለዓለም አጠፋው።

ጥያቄ አለኝ፦
ዓመትስ? ዘመን ይጻፍ የሚሉ አሉ።

መዝገብ ቤት፦
ሰሌዳ ላይ አልመክርም። ከተጻፈ ደግሞ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይጨመር እንዳይጻፍ። ዓድዋ 1888ም 1896ም ነው። ቱሪስቱ ባዶውን 1888 ሲያይ በራሱ አቆጣጠር ያነበዋል።

የኔታ ዘደብር፦
«ተክለ ሃይማኖት» የሚለውን ደግሞ ማንም አላነሣውም። ያ ስም በማዕረግም በቁጥርም ካልታሰረ አይያዝም። ጻድቁ አሉ። አድያም ሰገድ ኢያሱ እዚሁ ጣና ደሴት ላይ ሲገደሉ ዙፋኑን ይዘው የነበሩት ልጃቸው ቀዳማዊ ተክለ ሃይማኖት አሉ። ዳግማዊውም አሉ። ከ1968 እስከ 1980 ዓ.ም. ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ተክለ ሃይማኖት አሉ። የጎጃሙ ንጉሥ አሉ፤ አዳል ተሰማ ይባሉ የነበሩት፣ በ1873 ነግሠው በ1874 እምባቦ ላይ የተማረኩት፣ ዓድዋም የዘመቱት። «ተክለ ሃይማኖት መንገድ» ብትል ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስድ መንገድ ነው ብሎ ነው የሚሄድ። «ንጉሥ» የምትለውን 3 ፊደል አትንፈጓቸው። ደብረ ማርቆስ ያለው ትምህርት ቤት «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት» ተብሎ ነው የሚጠራው፤ ማንም አይሳሳትም።

ሰሌዳ ሠሪው፦
እሺ የኔታ፣ እርስዎ ካሉ ንጉሡ ይግቡ። መጀመሪያ ላነሣሁት ግን መልስ አላገኘሁም። ለዘጌው አፈወርቅ ምን እጽፋለሁ? 12 ፊደል!

የዘጌ ልጅ፦
«አፈወርቅ» ብቻ እንዳትል። ሁሉም ሰው አፈወርቅ ተክሌን ነው የሚያስበው፤ የአንኮበሩን፣ የአፍሪካ አዳራሽን ባለ ቀለም መስታወት የሠሩትን። የኛው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1868 ዘጌ ነው የተወለዱት፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሳቸው ነው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው። ማዕረጋቸውን ተጠቀም፤ «ነጋድራስ አፈወርቅ»። 10 ፊደል ነው። ፊደሉን 7 ሴንቲ አድርገው።

ሰሌዳ ሠሪው፦
በ7 ሴንቲ ልክ 90 ላይ ይገባል፣ ኅዳጉ ትንሽ ቢጠብም። ከሥሩ 4 ሴንቲ ፊደል ያለው መስመር ብጨምር 18 ፊደል ያህል ይይዛል። «ሠዓሊና ደራሲ» ልበል?

የዘጌ ልጅ፦
«ሠዓሊ» እንዳትል! ቱሪን ሥዕል ተምረዋል፣ እውነት ነው፤ ግን ሠዓሊ ካልክ ተመልሰህ አፈወርቅ ተክሌ ጋ ገባህ። «ደራሲ፣ የዘጌ ተወላጅ» በል።

ጎጃሜው፦
ቆይ እንጂ። ይኸው ሰው ጣሊያን «አፈ ቄሣር» ብሎ የሾመው ነው። ከነፃነት በኋላ ታስሮ ጅማ በግዞት ነው የሞተው። ራስ ኃይሉ ላይ ሁለቱን እንለይ ስንል ባንዳውን ከአርበኛው ለመለየት ነበር። እዚህ ላይ ደግሞ ሰሌዳው የሚለየው ደራሲውን ከሠዓሊው ነው፤ ባንዳነቱን ሸፍኖ። «ነጋድራስ» ከጻፍክ «አፈ ቄሣር»ም ማዕረጉ ነው፣ እሱንም ጻፍ።

መዝገብ ቤት፦
የመንገድ ሰሌዳ ሥራው መለየት ነው፣ መፍረድ አይደለም። «አፈ ቄሣር» የሚገባው በመንገዱ መግቢያ ላይ በሚቆም ማብራሪያ ነው፤ 60 በ80 ሴንቲ የሆነ፣ በዓይን ቁመት የሚተከል፣ ፊደሉ 1.5 ሴንቲ። የተወለደበት፣ የጻፈው፣ ያደረበት፣ የሞተበት ሁሉ እዚያ ይገባል።

የዘጌ ልጅ፦
በዚያ እስማማለሁ። ሁለቱም ይተከል።

ጎጃሜው፦
ማብራሪያው ቀድሞ ከተተከለ እስማማለሁ። «መንገዱን አሁን፣ ማብራሪያውን በሚቀጥለው በጀት» ከተባለ ግን ድምፄ ተቃውሞ ነው፤ እንዲመዘገብልኝ።