ጉሎ ከአጥር ወጥቶ ማሳ ይግባ?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር መነሻ አንድ አንጋፋ አባላችን ትናንት ማታ የጣሉት ጥያቄ ነው። ዘመዶቻቸው ባሉበት ወረዳ «ጉሎ ዝሩ፣ ፍሬውን እኛ እንረከባችኋለን» የሚሉ ሰዎች ውል ይዘው መጥተዋል። ጉሎ እስከ ዛሬ አጥር ሥር በራሱ የሚበቅል ነው፤ ማሳ የሰጠው ሰው ብዙም አልነበረም። ገበሬው ይፈርም ወይስ ይቅርበት? ስድብ የለም። በሉ ጀምሩ።

ኬሚስቱ፦ ይፈርም! የጉሎ ዘይት እንደ ኑግና ሰሊጥ እንዳይመስላችሁ። ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ሪሲኖሌይክ አሲድ የሚባል የስብ አሲድ ነው። ይህን በዚህ መጠን የሚሰጥ ሌላ ሰብል በገበያ ላይ የለም። ከእሱ ግሪስ ይሠራል፣ ቀለም ይሠራል፣ ሊፕስቲክ ይሠራል። ናይለን 11 የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክም መነሻው እሱ ነው፤ የከባድ መኪና የፍሬን አየር የሚያልፍበት ቱቦ ይሆናል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ሞተር ይለሰልስ የነበረው በዚሁ ዘይት ነው። ዛሬ ገበያውን የያዘችው ህንድ ናት። ከ80 በመቶ በላይ የዓለም ምርት የእሷ ነው፣ ያውም አብዛኛው ጉጃራት ከሚባለው ግዛቷ። የተክሉ መነሻ ግን የእኛው ምሥራቅ አፍሪካ ነው። በጓሯችን የሚረግፈውን ሌላው ዘርቶ ይክበርበት?

የሶዶ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ይሄን ዘፈን ሰምተነዋል። በሚሌኒየሙ ሰሞን መንግሥት የባዮፊውል፣ ማለትም ከተክል የሚሠራ ነዳጅ፣ ስትራቴጂ አወጣ። ጃትሮፋ የሚባል የዘይት ተክልና ጉሎ ናፍጣ ይሆናሉ ተባለ። ወላይታ ላይ አንድ የእስራኤል ኩባንያ ቅርንጫፍ ገበሬውን በውል አስገባው። «ለእህል የማይሆን መሬት ላይ ነው የሚዘራው» ነበር ወሬው። እስቲ ወላይታ ውስጥ እንዲህ ያለ ትርፍ መሬት አሳየኝ! ብዙው ሰው ግማሽ ሄክታር እንኳ የለውም። ጉሎው የገባው በቆሎና ስኳር ድንች በነበረበት ቦታ ነው። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀረ። ክፍያውም ዘገየ። በቆሎ ገዢ ቢያጣ ቀቅለህ ትበላዋለህ። ጉሎ ገዢ ሲያጣ ምን ታደርገዋለህ?

ጨዋታ አዋቂ፦ ሆድህን ትጠርግበታለህ። የሚጠረግ ካለ።

የሶዶ ልጅ፦ አንተ ትስቃለህ። እኛ ሰፈር የሳቀ የለም።

ኬሚስቱ፦ ስህተቱ እኮ ጉሎው ላይ አይደለም፣ ናፍጣ ይሁን መባሉ ላይ ነው። ዘይቱ በጣም ወፍራም ነው፤ ለናፍጣ ሞተር አይመችም። ለፋብሪካ ሲሸጥ ደግሞ ከነዳጅ የተሻለ ያወጣል። ውድ ዕቃ ገዝቶ እንደ ማገዶ ማንደድ ነው የተደረገው። አንድ ኩንታል ፍሬ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ዘይት አለው። ሥሌቱን ከዚያ ጀምሩ።

ከባቢሌ፦ እኛ ዘንድ የመጣው የጀርመን ኩባንያ ነበር። የተሰጠው መሬት ከዝሆኖቹ መጠለያ ጋር ተደራረበ፣ ጩኸት ሆነ፣ ኩባንያውም አልዘለቀም። ሌላም ነገር ልጨምር። «ጉሎ ድርቅ ይችላል» ይሏችኋል። ይችላል ማለት አይሞትም ማለት ነው። ውሃ ካላገኘ ቆሞ ያያችኋል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። ለቀማውም ቀላል አይደለም። ዘለላው እኩል አይደርስም። የታችኛው ደርቆ ሲፈነዳ የላይኛው ገና እሸት ነው። ስለዚህ በእጅ፣ ደጋግሞ፣ በዚያ እሾሃማ ልባሱ። የልቅሚያ ጉልበት ሥሌቱ ውስጥ ገብቷል ወይ፣ ኬሚስቱ?

ኬሚስቱ፦ ልክ ነህ፣ ያንን አላስገባሁም። ህንድም ብዙው በእጅ ነው የሚለቀመው።

የጉለሌዋ፦ እኔ የማውቀው ጉሎ የምጣድ ነው። አዲስ ምጣድ ሲሟሽ እናቴ ፍሬውን ትቆላዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ በጨርቅ ትቋጥረዋለች። ከዚያ ምጣዱ ሲግል እያዞረች እያዞረች ታሸዋለች። ቤቱ በጭስ ይታፈናል፣ ዓይን አይገለጥም። ገጹ ጥቁር ሆኖ ካላብረቀረቀ አትተወውም። ፋቂዎችም ቆዳ ሲያለፉ ይቀቡታል። ለዚህ ሁሉ አጥር ላይ ያለው ሁለት እግር ጉሎ ይበቃ ነበር። ማሳ ሙሉ ጉሎ ግን ያስፈራኛል። ልጆችስ? ከብቱስ?

አዋላጇ፦ ፍርሃትሽ ልክ ነው እህቴ። ፍሬው ውስጥ ሪሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለ። ልጅ ጥቂት ፍሬ አኝኮ ቢውጥ ለሕይወቱ ያሰጋዋል፤ ምንም ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ነው። መርዙ ዘይቱ ውስጥ አይገባም፣ በፋጉሎው ነው የሚቀረው። የኑግ ፋጉሎ የለመደ ሰው የጉሎውንም ለላሙ እንዳይሰጥ! ሳይታከም ለከብት አይሆንም።

በዚያው አንድ ነገር ልናገር፣ አወያይ ይፍቀድልኝ። ቀኗ የደረሰ እናት «ምጥሽ እንዲመጣ ጉሎ ዘይት ጠጪ» ትባላለች። ተዉ! ዘይቱ በማስቀመጥ፣ ሆድ በማላላት የታወቀ ነው። አንጀትን ያነሣሣል፣ ማህፀንም አብሮ ሊነሣሣ ይችላል። ምጥ ለማምጣት ግን አስተማማኝ አይደለም። ማቅለሽለሹና ተቅማጡ ግን ያደክማል። ሌሊቱን ሙሉ ስትመላለስ ያደረች ሴት በምን ጉልበቷ ታምጥ?

አወያይ፦ ይፈቀዳል። ወደ ማሳው እንመለስ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ እኔ ከሁለታችሁም የተለየ ሐሳብ አለኝ። እዚህ አሜሪካ ለፀጉራችን የምንገዛው የጃማይካ ጥቁር ጉሎ የሚባለውን ነው። አሠራሩ ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም። ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ከውሃ ጋር ይቀቀላል፣ ዘይቱ ሲንሳፈፍ ይቀፈፋል። በቃ። አንዷ ትንሽ ጠርሙስ ስንት እንደምትሸጥ ብነግራችሁ ትደነግጣላችሁ። ሴቶች ተደራጅተው ከአጥራቸው ለቅመው ቢሠሩት ኩንታል ከመሸጥ አይሻልም?

አዋላጇ፦ ፀጉር ያሳድጋል የሚለው ግን ማስረጃ የለውም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ስለሚያለሰልስልኝ ነው የምከፍለው፣ የኔ እህት። ማሳደጉን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ።

ኬሚስቱ፦ የጠርሙስ ገበያ ጥሩ ነው፣ ግን ስንት ቤተሰብ ይይዛል? ኬንያን እዩ። የኢጣሊያው የነዳጅ ኩባንያ ኤኒ እ.ኤ.አ. በ2022 ማኩዌኒ ላይ መጭመቂያ ከፍቷል። ገበሬው ጉሎ ያመጣል፣ እዚያው ይጨመቃል።

የሶዶ ልጅ፦ ዘይቱስ የት ይሄዳል? ጨርሰው እንጂ።

ኬሚስቱ፦ ሲሲሊ፣ ጌላ የሚባል ማጣሪያ።

የሶዶ ልጅ፦ ምን ሊሆን?

ኬሚስቱ፦ ባዮፊውል።

የሶዶ ልጅ፦ አሁን «ናፍጣ ማድረጉ ነው ስህተቱ» ያልከኝ አንተ አልነበርክም?

ኬሚስቱ፦ ያዝከኝ። ቢሆንም መጭመቂያው ቅርብ መሆኑን አትናቀው። ፋጉሎው ለከብት ባይሆንም ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ፍሬው እንዳለ በጭነት መኪና ከሄደ የመሬቱ ምግብም አብሮ ሄደ ማለት ነው። እዚያው ከተጨመቀ ወደ ማሳው ይመለሳል።

አወያይ፦ አወያይ ዝም ይበል ቢባልም የራሴን ልጣል። ወደ ሶዶው ልጅ አደላለሁ። አጥርና የማሳ ድንበር ላይ ይዝሩ፣ ይሽጡ፣ ማን ከለከለ። የእህል መሬት ግን አይነካ። ጋሼ፣ ጥያቄው የእርስዎ ነውና፣ ውሉን አይተውታል?

ጋሽ ጠያቂ፦ የወንድሜ ልጅ ፎቶ አንሥቶ ልኮልኛል። ዘሩን በዱቤ ይሰጣሉ። ዋጋው ከምርቱ ላይ ይቆረጣል። ፍሬውን «በወቅቱ ገበያ» እንረከባለን ይላል።

ከባቢሌ፦ የየት ገበያ? ለጉሎ የወረዳው ገበያ ላይ ዋጋ የሚጠራ ነጋዴ አለ?

ጋሽ ጠያቂ፦ የለም። አንድ ገዢ እነሱው ናቸው።

ኬሚስቱ፦ እንግዲያው የኪሎ ዝቅተኛ ዋጋ በቁጥር ይጻፍ። ሳይረከቡ ቢቀሩ የዘሩ ዕዳ እንዲሰረዝም ይግባበት። ያ ከገባ አሁንም ይፈርሙ ባይ ነኝ።

የሶዶ ልጅ፦ እኔ ደግሞ ቢገባም ከአጥር አይለፍ ባይ ነኝ። የመረከቢያ ቀኑ ተጽፏል ወይ፣ ጋሼ? እኛን የገደለን የቀኑ ነገር ነው።

ጋሽ ጠያቂ፦ ቀን አላየሁበትም። ቆዩ፣ ሦስተኛው ገጽ ደብዝዟል። እንደገና አንሥቶ እንዲልክልኝ ልደውልለት።