የቪትዝ ካታላይዘር ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄ፦ 2005 ቪትዝ ዳገት ላይ ትደክማለች፤ ቼክ ኢንጂን በርቶ ፒ0420 (ካታላይዘሩ፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ጭስ ማጽጃ፣ በደንብ አያጸዳም የሚል ኮድ) ያነባል። ጋራዥ «የካታላይዘሩን ውስጥ ፈልፍለን ባዶውን እንበይደው፣ ነዳጅም ይቀንሳል» ይላሉ። ልስማቸው?

መልስ 1፦ ነዳጁ አይቀንስም። ፒ0420 ደግሞ ካታላይዘሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። መጀመሪያ ለካ፦ ሞተሩ ሳይሞቅ የፊተኛውን (ከካታላይዘሩ በፊት ያለውን) ኦክስጅን ሴንሰር ፍታና በቀዳዳው የግፊት ጌጅ እሰር። ሞተሩን አስነስተህ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ከ3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) በላይ ካሳየ ታፍኗል። ካላሳየ ድካሙ ከካንዴላ፣ ከኮይል ወይም ከነዳጅ ፊልትሮ ሊሆን ይችላል።

መልስ 2፦ ባዶ ከሆነ ከካታላይዘሩ በኋላ ያለው ሴንሰር ያልጸዳ ጭስ ስለሚያነብ መብራቱ አይጠፋም፤ ሽታው ጉርሻ ነው። ካታላይዘር ብዙ ጊዜ በራሱ አይሞትም፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ያቀልጠዋል፣ ዘይት ይለብሰዋል። ሚስፋየር (ቤንዚኑ በሞተሩ ውስጥ በትክክል አለመቃጠሉ) ካለ እሱ ሳይጠገን አዲስ መግጠም ብር መድፋት ነው።

መልስ 3፦ አሜሪካ ላላችሁ፣ ማውጣቱ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው።