ንስሐ ለነገ ቢቆይ ምን ይጎዳል?

ክርክሩን የከፈተው፦
ትናንት በጸሎት ቡድናችን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳንስማማ ተለያየን። እግዚአብሔር እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ የሚቀበል ከሆነ፣ "ዛሬውኑ ተዘጋጅ" እያሉ ሰውን ማስጨነቅ ለምን? እኔ ጥያቄው ልክ ነው ባይ ነኝ። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ሊሞት ሲል ለመነ፤ በዚያው ቀን ገነት ገባ። በፍርሃት የመጣ ሰው ደግሞ ፍርሃቱ ሲያልፍለት ይመለሳል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የማታ ተማሪ፦
እደግፍሃለሁ። የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ እንኳ የተጠመቀው በ337 እ.ኤ.አ.፣ ሊሞት ሲቃረብ ነው። በዚያ ዘመን ጥምቀትን ማዘግየት የተለመደ ነበር። ብዙዎቹ ከንቀት አልነበረም፤ ከተጠመቁ በኋላ መውደቅን ፈርተው ነው። ያዘገየ ሁሉ ልበ ደንዳና ነው ማለት ይከብዳል።

ነርሷ፦
የምሠራው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። አንድ ታካሚ ነበሩ፤ አፋቸው ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ ገብቷል። ልጃቸው ሲገባ ጣታቸውን አንሶላው ላይ ማንቀሳቀስ ጀመሩ። መጻፍ ፈልገው ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። ሁለት ፊደል ጻፉ፤ ሦስተኛው ዝም ብሎ መስመር ሆኖ ወረደ። ልጁ ሊያነበው ብዙ ታገለ፣ አልሆነለትም። እግዚአብሔር ልባቸውን እንደሰማ አምናለሁ፤ በዚህ አልከራከርም። ልጁ ግን አልሰማም። "በመጨረሻ እላለሁ" የምንል ሰዎች ያኔም አፋችን የሚታዘዘን ይመስለናል።

ክርክሩን የከፈተው፦
እህቴ፣ ልቤን ነካሽው። ግን ይሄ ከሰው የመታረቅ ጉዳይ ነው እንጂ የመዳን አይመስለኝም። በጌታ ምሳሌ በዐሥራ አንደኛው ሰዓት ወይን አትክልቱ ቦታ የገቡት ሠራተኞችም እኮ ከማለዳ ከገቡት እኩል አንድ ዲናር ተከፍሏቸዋል።

የሁለት ልጆች አባት፦
ወንድሜ፣ እነዚያ ሠራተኞች መቼ አዘገዩ? ለምን ሥራ ፈታችሁ ቆማችሁ ሲባሉ የሚቀጥረን አጣን ነው ያሉት። እንደተጠሩ ሄዱ። ወንበዴውም ቀድሞ ተጠርቶ "ቆይ" ማለቱ የትም አልተጻፈም።

ማዘግየትን ማየት ከፈለግህ ሐዋርያት ሥራ 24 ላይ ጳውሎስን አስሮ የያዘውን ገዥ ፊልክስን እይ። ጳውሎስ ስለ ጽድቅና ስለሚመጣው ፍርድ ሲነግረው ፈራ። በተመቸኝ ጊዜ አስጠራሃለሁ አለ። ደግሞም አስጠራው! ጉቦ እየጠበቀ ደጋግሞ አነጋገረው፤ 2 ዓመት ሞላ። መፍራቱ ግን ዳግም አልተጻፈም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ድንገተኛ ሞት አይደለም። የቀጠርኩት ቀን ሲደርስ የሚደነግጥ ልብ ባይኖረኝስ? አንድ ቂም ለዓመታት ይዤ ኖሬ አውቃለሁ። መጀመሪያ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት። መልመዴ ነው እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ።

የማታ ተማሪ፦
ይህን እቀበላለሁ። ብቻ ዝግጁነት ማለት በጭንቀት ማፍጠጥ እንዳይመስለን። በምሳሌው ሙሽራውን ሲጠብቁ ዐሥሩም ደናግል ተኝተዋል፣ ልባሞቹም ጭምር። የለያቸው ሳይተኙ በፊት የያዙት ዘይት ነው።

ክርክሩን የከፈተው፦
ማስፈራራቱን አሁንም አልወደውም። ፊልክስን ግን እንዲህ አንብቤው አላውቅም፤ ዛሬ ማታ እመለስበታለሁ። ነርሷ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ልጁ ወረቀቱን ምን አደረገው?

ነርሷ፦
አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።